ከቅሬው ወደ ሱቁ

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

ወልዲያ ላይ ሱቃችሁን ከፍታችሁ ደንበኛ የምትጠብቁ፣ መርሳ ላይ ከአስፋልቱ ዳር ማንጎና ብርቱካን የደረደራችሁ፣ በሀብሩ በጊራና ማሳ ላይ ውኃ እየቀየራችሁ ሬዲዮናችሁን ከዛፍ ጥላ ሥር ያኖራችሁ፣ እንደምን ዋላችሁ?

የዛሬው ጉዳይ ወደ ሐሳቤ የመጣው ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ ነው። ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ተሰብስቧል፤ አጠገቤ አንድ ነጋዴ ተቀምጧል። ፊት ለፊቱ ደግሞ ልጁ የሞተበት አባት አለ። ነጋዴው ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ሐዘንተኛው አንገቱን ሲደፋ አብሮት ዝም አለ። ሐዘንተኛው ስለ ልጁ ሕመም ማውራት ሲጀምር «ተወው እንግዲህ» ብሎ አላቋረጠውም፤ እስኪጨርስ ሰማው። ከዚያ ወጉን ቀስ አድርጎ ወደ ዘንድሮው ማሽላ ወሰደው። ያ አባት ከቀረበለት እንጀራ ቆርሶ ወደ አፉ ያደረሰው ያኔ ነው። ነጋዴው ይህን የተማረው ከመጽሐፍ አይደለም፤ ታላላቆቹ ሲያደርጉ እያየ ነው ያደገው።

በሦስተኛው ቀን በዚያው ሰው ሱቅ በራፍ ቆሜ ነበር። አንዲት እናት የገዙት ጀሪካን እያፈሰሰ አስቸግሯቸው ይዘውት መጡ። ነጋዴው ቀና ብሎም አላያቸው። «ሲገዙ ዓይን አልነበረዎትም?» አላቸው። እናታችን አልተሳደቡም። ጀሪካናቸውን አንስተው፣ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ መልሰው ሄዱ። ወደዚያ ሱቅ የሚመለሱ አልመሰለኝም።

ይህ ሰው ለቅሶ ቤት የነበረውን ያን ሁሉ ችሎታ የት ጥሎት መጣ? በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ችሎታው አለው። ሱቁን የሚያሰፋለት፣ ደንበኛ የሚያበዛለት ዕውቀት በእጁ አለ፤ ግን የለቅሶ ቤት ዕውቀት ብቻ አድርጎ አስቀምጦታል።

የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለዚህ ችሎታ ስሜታዊ ብልህነት የሚል ስም ሰጥተውታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ የራስንና የሌላውን ሰው ስሜት መከታተል፣ አንዱን ስሜት ከሌላው መለየት፣ ከዚያም በዚህ ዕውቀት ሐሳብንና ድርጊትን መምራት ብለው ተረጎሙት። ከአምስት ዓመት በኋላ ዳንኤል ጎልማን በዚሁ ርዕስ መጽሐፍ አሳተመና ነገሩ ከምርምር ክፍል ወጥቶ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰማ። ጎልማን ለችሎታው የሰጠው ክብደት ተጋንኗል ብለው የተቹ ተመራማሪዎች አሉ። እኔም ሆዱን ያሰፋ ሁሉ ይከብራል አልላችሁም። ሚዛኑ የተዛባ ነጋዴን ጥሩ ፊት አያድነውም።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩን አማርኛችን ከጥንትም ያውቀዋል። ታጋሹን ሆደ ሰፊ፣ ቶሎ የሚከፋውን ሆደ ባሻ እንለዋለን። ልጅ አድጎ ማስተዋል ሲጀምር «ልብ ገዛ» እንላለን። ገዛ ማለት ሸመተም ነው፣ በሥልጣኑ ሥር አደረገም ነው፤ ልብ የገዛ ሰው ልቡን በእጁ ያደረገ ሰው ነው። አባቶቻችን «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ሲሉ ደግሞ የንግድ ምክርም እየሰጡ ነበር። ከሰው ጋር ከመዋዋልህ በፊት ሆዱ እንዴት እንደሆነ ተመልከት ማለታቸው ነው። ማጭዱን ለምን ሊጠቀምበት እንዳሰበ የሚነግርህ ፊቱ ነውና።

አንድ ሌላ ቃል ልጨምር። ደንበኛ። ሥሩ ደንብ ነው። ከእኔ ጋር ደንብ ያለው፣ የሚያውቀኝና የማውቀው፣ ተመልሶ የሚመጣ ሰው። የዚህ ተቃራኒ መንገደኛ ነው። ወልዲያ የመንገዶች መገናኛ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ፣ አንዱ ወደ ቆቦና ወደ መቀሌ፣ አንዱ ደግሞ በጋሸና በኩል ወደ ላሊበላና ወደ ደብረ ታቦር ይወስዳል። መርሳም ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት። የመንገድ ከተማ በረከቱ ብዙ ነው፤ አንድ ፈተናም አለው። ነጋዴው ሁሉንም እንደ መንገደኛ ማየት ይለምዳል። «ይሄ ዛሬ ካልሆነ መቼ አገኘዋለሁ» ይላል፤ ዋጋ ይቆልላል፣ ፊት ይነሳል። ያ ሹፌር ግን በሳምንት ሁለት ጊዜ በዚሁ መንገድ ያልፋል። ያቺ የወልዲያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም መጀመሪያ ቀን እንግዳ ብትመስልም ዓመታት እዚሁ ትኖራለች፤ ሳሙናዋንም ደብተሯንም የምትገዛው ከአንዳችሁ ነው። መንገደኛውን ደንበኛ የሚያደርገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋው ሳይሆን በመጀመሪያው ቀን የታየው ፊት ነው።

አሁን ወደ ማሳው ልውሰዳችሁ። በቆቦና በጊራና ሸለቆ የመስኖ አትክልት ምን እንደሆነ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እንበልና አንድ ገበሬ ሃያ ሳጥን ቲማቲም ይዞ ወጥቷል። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል፤ ፀሐዩ በርትቶ ነው የዋለው፤ ቲማቲም ደግሞ እንደ ማሽላ ጎተራ ገብቶ አይቆይም። አንድ ገዢ አይሱዙውን አቁሞ ይወርዳል። አንዱን ቲማቲም አንስቶ ጫን ያደርገውና «ይሄ ደግሞ ምን ቲማቲም ነው!» ብሎ መልሶ ይወረውረዋል። ዋጋ ለማውረድ ነው። ገበሬው ይቆጣል፤ «ብትፈልግ ግዛ፣ ባትፈልግ ሂድ!» ይላል። ሁለቱም ድምፃቸው ከፍ ይላል። ደላላው መሐል ይገባና በዚህም በዚያም ብሎ ያስማማቸዋል፤ ገበሬው አንገቱን ደፍቶ ይሸጣል።

ከውጭ ሲያዩት ሁለት የተናደዱ ሰዎች ናቸው። ወደ ውስጥ ስናይ ግን የገበሬው ንዴት ፍርሃት ነው። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት፣ የውኃ መሳቢያ ሞተሩ ነዳጅ ጠጥቷል፣ የቀን ሠራተኛ ማታ ብሩን ይጠብቃል፤ ቲማቲሙ እዚህ ካደረ ነገ የሚጣል ነው። ገዢውም ይፈራል። መኪናውን የተከራየው በቀን ሒሳብ ነው፤ ደሴ ሲደውል ዋጋ ወርዷል ተብሏል፤ መንገዱ ቢዘጋ ጭነቱ በእጁ ይበሰብሳል። ሁለት ፍርሃቶች ተገናኝተው ቁጣ ሆነው ወጡ።

ይህን ያነበበ ገዢ እንዴት ይናገራል? «አባቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ የዋሉ ይመስለኛል፤ ደክሞዎታል። ቲማቲምዎ ጥሩ ነው። ዋጋው ግን ዛሬ ወድቋል፤ እዚሁ አጠገብዎ ደሴ ልደውልና በጆሮዎ ይስሙት። ከዚህ በላይ መክፈል አልችልም። ሃያውንም ሳጥን ግን አነሳልዎታለሁ፤ ብሩንም አሁን እሰጥዎታለሁ።» ዋጋው በአንድ ብር አልጨመረም። ሰውየው ግን አልተዋረደም፤ ፍርሃቱም መልስ አገኘ፤ ቲማቲሙ እንደማያድርና ብሩ ዛሬ እንደሚገባ አወቀ። ቲማቲም በተወደደ ጊዜ፣ አምስት አይሱዙ ማሳው ዳር በተሰለፈ ጊዜ፣ ገበሬው ስልኩን አንስቶ ለማን ይደውላል? አቅራቢ ማብዛትና አጥብቆ መያዝ ንግድ ማስፋፋት ከሚባለው ዋናው ክፍል ነው፤ የሚሠራውም በእንዲህ ያለ የአንድ ደቂቃ ንግግር ነው።

ስሜትን በትክክለኛ ስሙ መጥራት ለምን እንደሚረዳም የተጠና ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ2007 ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ በሎስ አንጀለስ ባደረጉት ጥናት፣ ሰዎች በፎቶግራፍ ያዩትን የፊት ስሜት በቃል ሲሰይሙት፣ አደጋ ሲመጣ ቀድሞ የሚነቃው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴው ቀነሰ። እኛ በገበያ ላይ ለሁሉም አንድ ቃል አለን፤ «ተናደድኩ»። ደንግጠን ተናደድኩ እንላለን፤ አፍረን ተናደድኩ እንላለን፤ ደክሞን፣ ርቦን፣ ሆድ ብሶን ተናደድኩ እንላለን። መልስ ከመስጠታችሁ በፊት አንዲት ትንፋሽ ያህል ቆማችሁ «ይሄ የያዘኝ ንዴት ነው ወይስ ድንጋጤ?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። የደነገጠ ሰው የሚያስፈልገው መረጃ ነው፤ ያፈረ ሰው ፈቀቅ ብሎ ብቻውን መነጋገር ይሻለዋል፤ የደከመው ደግሞ ውሉን ለነገ ጠዋት ቢያሳድር ይጠቀማል። መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

(አጭር የሙዚቃ ክፍተት)

ወደ ከባዱ ጉዳይ እንግባ። ስለ ዱቤ።

ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልዲያ በጦርነት ተይዛ የቆየችባቸውን ወራት ማንም አልረሳቸውም። ሰው ሞቷል፤ ቤትና መሥሪያ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲውም ጭምር ተዘርፏል። ሱቁን ከፍቶ ባዶ መደርደሪያ ያየ ነጋዴ እዚህ አገር ብዙ ነው። ዕቃው የራሱ ብቻ አልነበረም። ግማሹ የመርካቶ አስመጪ ዱቤ ነው፤ ባለ ሱቁም በተራው ለመርሳ ቸርቻሪ ሰጥቶ ነበር፤ የመርሳው ቸርቻሪ ደግሞ እህሉ ሲደርስ እከፍላለሁ ላለ ገበሬ። ዱቤ የተጻፈበት ደብተር የጠፋበትም አለ። ከዚያም ወዲህ መንገድ በተዘጋ፣ ስልክና ኢንተርኔት በተቋረጠ ቁጥር ይህ ሰንሰለት ይላላል ወይም ይበጠሳል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ዕዳ መጠየቅ ከባድ ሙያ ነው። አርሊ ሆክሺልድ የምትባል አሜሪካዊት የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ የአውሮፕላን አስተናጋጆችንና የዕዳ ሰብሳቢዎችን ሥራ ጎን ለጎን አጥንታለች። አስተናጋጇ ከሚሰማት በላይ ደስተኛ ሆና እንድትታይ፣ ዕዳ ሰብሳቢው ከሚሰማው በላይ ጨካኝ ሆኖ እንዲታይ ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ ያላመኑበትን ስሜት ዘወትር መልበስ ሁለቱንም ውስጥ ውስጡን ይጎዳቸዋል። እኛም ዘንድ ዱቤ ለመጠየቅ ሲሄድ መጀመሪያ ፊቱን የሚያጠቁር ብዙ ነው። በገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ከመስጊድ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «አንተ ሰውዬ!» ብሎ ይጣራል። ያሸነፈ ይመስለዋል። ባለዕዳው በማግስቱ መንገድ ይቀይራል፤ ስልክ አያነሳም፤ በሌላ ሱቅ በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። የሸሸው ከዕዳው ይልቅ ከእፍረቱ ነው። የተሸሸገ ሰው ደግሞ አይከፍልም።

እኔ የማከብራቸው አንድ አዛውንት ነጋዴ እንዴት እንደሚያደርጉ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ እሳቸውም አይወዱም። ባለዕዳው ቤት የሚሄዱት የገበያ ቀን ባልሆነ ጊዜ፣ ብቻቸውን ነው። ሰላምታቸውን ያደርሳሉ፣ ከአቦል ቡና ይቀምሳሉ። ነገር ግን ለጥየቃ ብቻ የመጡ መስለው አያታልሉም። «ልጄ፣ የመጣሁት ስለዚያ ዱቤ ነው። እንደተዘረፍክ አውቃለሁ፤ እኔም ተዘርፌያለሁ። የእኔም አበዳሪ እየጠየቀኝ ነው። አንተ በወር ስንት ትችላለህ? አንተው ንገረኝ» ይላሉ። ከዚያ ዝም ነው። ያ ዝምታ ከባድ ነው፤ ብዙ ሰው አይችለውም፤ ለቅሶ ቤት የተቀመጠ ሰው ግን ዝምታን ያውቃል። ባለዕዳው የሚጠራው ብር ትንሽ ሊሆን ይችላል። እሳቸው ትንሿን ይጽፉና ቀን ያስቆርጡታል። ራሱ የጠራውን ቁጥር ሰው ይከፍላል፤ በጩኸት የተጫነበትን ግን ይሸሻል።

ለባለዕዳውም አንድ ቃል አለኝ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ ሳትጠሩ ሂዱ። «ዘንድሮ አልሞላልኝም፤ ለመጋቢት ይህን ያህል ይዤ እመጣለሁ» ማለት ጉልበት ይፈልጋል፤ ስልክ ሳያነሱ ወራት ከመክረም ግን ይቀላል። አበዳሪያችሁ ሌሊት የሚያድረው እናንተ ጠፋችሁ ወይስ ካዳችሁ እያለ ነው። አንዲት ቃል ያንን ታወርድለታለች።

አንዳንዱ ደግሞ እያለው የሚክድ አለ። ሆደ ሰፊ መሆን እሱን ዝም ብሎ ማለፍ አይደለም። ለዚህም አገራችን መንገድ አላት፤ ሽማግሌ። ሽማግሌዎች እንዴት እንደሚጀምሩ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ጊዜ ሁለቱን ፊት ለፊት ከማገናኘታቸው በፊት ለየብቻ ይሰማሉ። እያንዳንዱ ቁጣውን ሽማግሌው ፊት አፍስሶ ይጨርሳል። ሲገናኙ የቀረው ጉዳዩ ብቻ ነው። በትልልቅ ኩባንያዎች የድርድር ባለሙያ ከሚያደርገው ይህ በምን ያንሳል?

«ይሄ ሁሉ መልካም ነው፤ ግን ብር ያመጣል ወይ?» የሚለኝ አድማጭ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። የቅርብ ማስረጃ ከራሳችን ከአፍሪካ ልጥቀስ። በቶጎ ዋና ከተማ በሎሜ 1,500 አነስተኛ ነጋዴዎች በሦስት ተከፈሉ። አንዱ ወገን የተለመደውን የሒሳብና የገበያ ሥልጠና ወሰደ፤ ሁለተኛው በሥነ ልቦና ላይ የተመሠረተ፣ ሳይጠየቁ መጀመርን፣ አርቆ ማቀድን፣ እንቅፋት ሲመጣ ተስፋ አለመቁረጥን የሚያስተምር ሥልጠና ወሰደ፤ ሦስተኛው ምንም አልወሰደም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሳይንስ በተባለው መጽሔት በወጣው ውጤት መሠረት፣ የሁለተኛው ወገን ትርፍ ምንም ካልወሰዱት በ30 በመቶ በለጠ። የተለመደው ሥልጠና ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። ሥልጠናው በስሜታዊ ብልህነት ስም የተሰጠ አልነበረም፤ ሆኖም እንቅፋት ሲመጣ ተስፋ አለመቁረጥ በውስጡ አለበት። ለእኔ የሚነግረኝ፣ የነጋዴ ውስጡ ሲሠለጥን ሣጥኑም እንደሚያውቀው ነው።

በእኛ አገር ለጥቃቅንና አነስተኛ ኢንተርፕራይዞች በኢንዱስትሪ ኤክስቴንሽን የሚሰጠው ድጋፍ አራት ጥቅሎች አሉት፤ የቴክኒክ ክህሎት፣ ኢንተርፕረነርሺፕ፣ ካይዘንና ቴክኖሎጂ። ሁሉም ያስፈልጋሉ። ነገር ግን ተደራጅተው ሥራ የጀመሩ ወጣቶች ሲበተኑ አይቼ ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ማሽኑ ተበላሸ ያለኝ ጥቂት ነው። «እኔ እየሠራሁ እሱ ይተኛል»፣ «ሳያማክረኝ ሸጠው»፣ «ሰው ፊት ሰደበኝ» ነው መልሱ። አሠልጣኞቻችን፣ በመርሳም በወልዲያም ያላችሁ፣ ስብሰባ ላይ ቅሬታቸውን እንዴት እንደሚናገሩና እንዴት እንደሚታረቁ ለአንድ ከሰዓት በኋላ ብታለማምዷቸው ምን ይመስላችኋል? ቅሬታን በወር አንድ ቀን፣ ቡና ተፈልቶ፣ ተራ በተራ መናገር። ቃለ ጉባኤ እንደሚያዘው ሁሉ ይህም ይያዝ።

በዚህ መሐል ሳልናገረው የማላልፈው አለ። ለቡና ጠጪው፣ ለምግብ ቤቱ ደንበኛ «ፈገግ በይ» የምትባል ልጅ አለች። ደንበኛው እጇን ይይዛል፣ ያልሆነ ቃል ይወረውራል፤ አሠሪዋ «ቻይው፣ ገበያ ነው» ይላታል። ይህ ብልህነት አይባልም። ሆክሺልድ የጻፈችው ጉዳት ይኸው ነው። የሠራተኛውን ስሜት ያላነበበ አሠሪ የደንበኛውን አነበብኩ ቢል አላምነውም። አሠሪው ራሱ ተነስቶ «ወንድሜ፣ እዚህ ቤት እንዲህ አይባልም» ይበል፤ አንድ ደንበኛ ቢያጣም ልጅቷ ትቆይለታለች፤ ሌሎቹ ደንበኞችም አይተዋል።

ለመለማመድ የሚከብድ ነገር የለውም። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል፤ ስለ እኛ የሚባለውን እኛው አንሰማም፤ እኛም ድምፃችን ለሌላው እንዴት እንደሚሰማ አናውቅም። ስለዚህ የምታምኑትን አንድ ሰው ጠይቁ፤ ሚስታችሁን፣ ባላችሁን፣ ሱቅ የሚጠብቀውን ልጅ። «ደንበኛ ዕቃ ሲመልስ ፊቴ ምን ይመስላል?» በሉት። የሚላችሁን ሳታስተባብሉ ስሙ፤ ቢያምም። ሳምንቱን ደግሞ በዱቤ ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ማታ ማታ አንድ መስመር ጻፉ፤ ዛሬ ማን ላይ ድምፄን ከፍ አደረግኩ፣ ምን ሰዓት ነበር፣ ያኔ ምን ተሰምቶኝ ነበር። እኔ ራሴ ሞክሬው፣ የምቆጣው ምሳ ሰዓት ካለፈ በኋላ እንደሆነ አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ ከባድ ንግግር ያለበትን ቀጠሮ ወደ ጠዋት አዛውሬዋለሁ።

ያ የጀሪካኑ ባለ ሱቅ ይህን ፕሮግራም እየሰማ ከሆነ፣ እናታችን ሰፈራቸው ሩቅ አይመስለኝም። ነገ ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት አንድ የማያፈስ ጀሪካን ይዞ ቢሄድ፣ «እናቴ፣ ባለፈው ክፉ ቃል ተናገርኩዎት፤ ይቅር ይበሉኝ» ቢላቸው፣ ምን እንደሚመልሱለት ሁላችንም እናውቃለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ዋጋ አወጣጥ እንነጋገራለን። እስከዚያው ደኅና ሁኑ።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)